አትምጡ ለማለት የሄድንባቸው ቤቶች

የእህቴ ሰርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የጠራነውን ሰው ሁሉ እንዳይመጣ መንገር ነበረብን።

ጥሪው ያለቀው በሽታው ከመግባቱ በፊት ነው። በእኛ ዘንድ ካርድ የሚሰጠው ለመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ ዘመድና ጎረቤት የሚጠራው በእግር ነው። እናቴና አክስቴ ሻሻቸውን አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ ሠላሳ ስድስት ቤት ዞረዋል። አሠራሩ የታወቀ ነው። ይንኳኳል፣ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ የቀረበው ይቀመሳል፣ የልጆቹ ትምህርትና የአሮጊቷ ጉልበት ይጠየቃል። የተመጣበት ጉዳይ የሚነገረው መጨረሻ ላይ፣ ከመቀመጫ ከተነሱ በኋላ ነው። ቀድሞ የተናገረ ችኩል ይባላል። በር ላይ ቆሞ የተናገረ ደግሞ ለጠብ የመጣ ይመስላል።

ከዚያ በሽታው መጣ፣ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ሰርጉ ወደ ኒካህ ብቻ ወረደ። አባት፣ ሙሽራና ሙሽሪት፣ ሁለት ምስክር፣ አንድ ሼህ። የቀረው ሰው ቤቱ ይቆይ ተባለ።

በዚያን ጊዜ ሁላችንም ቤት ነበርን። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሱሪ እሰፋ ነበር፤ በትክክል ለመናገር፣ የግራውን የኋላ ኪስ ብቻ ነበር የምሰፋው። ትእዛዝ ስለቀነሰ ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ ተባልን። አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ዶሚኖ የሚጫወትበት ጥላ ሲበተንበት፣ በረንዳው ላይ ቀኝ እጁን ከግራ እጁ ጋር ማጫወት ጀመረ። ግራው ሁልጊዜ ይሸነፋል። አንድ ቀን «ለምን አታግዘውም?» ስለው «ሰነፍ ነው፤ ይልመድ» አለኝ። እህቴ ኬክ መጋገር ከስልኳ ተምራ፣ በድስት ከታችም ከላይም ከሰል አድርጋ ትሞክር ነበር። መሃሉ አይበስልም። ዳር ዳሩን እንበላለን፣ መሃሉን ዶሮዎቹ ይበላሉ።

እኔ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ቤት መምታት የለመድኩት ከባጃጅ ጀርባ ላይ ከሚጻፍ ጥቅስና ከሰርግ ዘፈን ነው። ከሥራ ስቀር ብዙ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። አልጻፍኩም። ግቢያችን ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ሠላሳ አራት እርምጃ ነው፤ እሱን ስመላለስ ከረምኩ። ምንም አይሰማኝም ነበር። አልፈራም፣ አላዝንም፣ አልናደድም። እግሬ ብቻ አርፎ አይቀመጥም።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። በኦሮምኛ አዳዳ ነው የምንላት። ልጅ አልወለደችም፤ እኔንና እህቴን ያሳደገችን እሷ ናት ቢባል እናቴም አትከራከርም። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። በሽታው ከተማ ሲገባ አባቴ የክፍሏ ደፍ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ። «ውጭ ውሎ የመጣ ሰው ይቺን አያልፍም» አለ። የቤታችን ሕግ ይህ ብቻ ነበር። እጅ መታጠቡም ሌላውም ይረሳ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አይረሳም። አዳዳን ከያዛት እንደማትነሳ ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች።

ጥሪውን ማፍረስ እንዴት ይሁን የሚለው ክርክር አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደ።

«ደውይላቸው እንጂ» አለ አባቴ ዶሚኖውን እየበወዘ።

«በእግሬ ሄጄ የጠራሁትን ሰው በስልክ አትምጣ ልበለው?» አለች እናቴ።

«የከለከለው መንግሥት ነው፤ አንቺ አይደለሽም።»

«መንግሥት አልጠራቸውም። የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

«ልክ ናት» አለች አዳዳ ከውስጥ። «አንተ ዝም ብለህ እጆችህን አስታርቅ።»

አባቴ ተሸነፈ፤ ግን ውል አስገባን። ማስክ አይወልቅም። ቤት አይገባም። በር ላይ፣ ሦስት እርምጃ ርቆ ተናግሮ መመለስ። አዳዳ መሄድ ስለማትችል በእሷ ቦታ እኔ ተተካሁ። የቤቶቹን ዝርዝር እሷ እየነገረችኝ የግጥም ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። በስም አልነገረችኝም፣ በምልክት ነው። የሮቃው ዛፍ ቤት። መንታ የወለደችው። ሽንኩርት ነጋዴው። ፍየሏ የሞተችባት። በቀን ስድስት ቤት፣ በስድስት ቀን ያልቃል አልን። የመጨረሻው ቀን ከከተማው ውጭ፣ ዋሂል ለሚኖሩት ነው።

የመጀመሪያው ቤት መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ቤት ነበር። በሩን ስትከፍት እናቴ በውሉ መሠረት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

«ምነው ሸሸሽ? ግቢ እንጂ።»

«ዛሬስ አንገባም እህቴ፤ በሽታው መጥፎ ነው።»

«እኔ ቤት ነው በሽታው ያለው?»

«አላልኩም። እኛ ይዘንብሽ እንዳንገባ ነው።»

«ይዛችሁ ከመጣችሁማ በር ላይ ምን ያቆማችኋል? ይዛችሁት ግቡ። እንግዳ በር ላይ አቆመች ልባል ነው?»

እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ደብተሩን አየሁ። ገባን። ልጇ ውሃ አፈሰሰችልን፣ በሳሙና ታጠብን፣ ጫማችንን አወለቅን። ሴትዮዋ ማስካችንን አየችና «እሱንም እዚያው» አለች። አውልቀን ጫማችን ላይ አስቀመጥነው። ከዚያ በኋላ በየቤቱ እንደዚያ ሆነ። ማስክ የመንገድ ዕቃ ነበር። አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ የተቀመጠ እንግዳ፣ ከነጫማው ምንጣፍ የረገጠ ያህል ነው። አውልቁ ሳንባል ማውለቅ የጀመርነው በሦስተኛው ቤት ይመስለኛል።

ሳምቡሳ ቀረበ፣ የማንጎ ጭማቂ ቀረበ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ስኳር ተወራ። እናቴ ከተነሳች በኋላ፣ ሻሿን እያስተካከለች ተናገረች።

«ሰርጉ እንዳሰብነው አልሆነም። እንዳትመጪ ልንልሽ ነው የመጣነው።»

ሴትዮዋ ያነሳችውን ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠች። «ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ወላሂ ምንም። ሰው ሁሉ ነው የቀረው።»

«ሽቲውን ከነሻሹ አሰፍቻለሁ እኮ።»

«ሲወልዱ ትለብሺዋለሽ።»

«እስከዚያ ወፍሬ እንቢ እንዳይለኝ።»

ሸኙን። ከግቢ ስንወጣ እናቴ «ይህቺ እንኳ ቀላል ናት» አለች፤ ልክ ነበረች። ጡረታ የወጣው የጭነት መኪና ሾፌር ቤት አንድ ሰዓት ተቀምጠን ስንነግረው «ሰርጉን ተውኩት፤ ሥጋዬን ግን በፌስታል ላኪልኝ» አለ። ሥጋም እንደሌለ ስትነግረው «ለዚህ ነው ታዲያ በዚህ ፀሐይ በእግርሽ የመጣሽው? ይሄን በስልክ ትነግሪኝ አልነበር?» አለ። ቤት እስክንደርስ ድረስ እናቴ አላናገረችኝም፣ እኔ ያልኩት ይመስል።

ሌላዋ ሴት ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያኔ በእናትሽ ለቅሶ ላይ በተናገርኩት ነው፣ አይደል?» አለች። ሴትዮዋ ያኔ ምን እንዳለች እናቴ አታስታውስም። አላስታውስም ብትል ንቀት ይሆናል፣ አስታውሳለሁ ብትል ቂም ይሆናል። «እሱማ አልፏል» እያለች ስትምል፣ እንደገና ስንቀመጥ፣ ሁለተኛ ዙር ሻይ ሲመጣ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። መንገድ ላይ «ለመሆኑ ምን ብላ ነበር?» አለችኝ።

«እኔ በምን አውቃለሁ እማ፤ አልተወለድኩም።»

«ደህና ነገር ቢሆን አስታውሰው ነበር» አለች።

ለእኔ ይህ ሁሉ መውጫ ነበር። ከቤት ሳልወጣ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነበር። የደቻቱን ወንዝ፣ ድልድዩን ትተን፣ በደረቁ አሸዋ እናቋርጥ ነበር፤ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ማስካቸውን ለጎል ምልክት ድንጋይ ላይ አስረውታል። ባጃጆቹ በሾፌሩና በተሳፋሪው መሃል ላስቲክ ወጥረው፣ ገንዘብ ማቀበያ ቀዳዳ አበጅተውለታል፤ ሾፌሩ ወሬ ሲጀምር በዚያ ቀዳዳ አንገቱን ያወጣል። በየሱቁ በር ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሳሙናም ውሃም አለው። በሦስተኛው ቀን ሳሙናው የለም። በአምስተኛው ቀን ውሃውም የለም፤ ሰው ግን በልማድ ቧንቧውን ከፍቶ ደረቅ እጁን አሻሽቶ ያልፋል። ይህን ሁሉ አየሁ። ደስ አለኝ አልልም። ዓይኔ ሥራ አገኘ፣ እግሬ ሥራ አገኘ። ሌላው ሰውነቴ እንደተኛ ነበር።

ከመጣን በኋላ ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ዱካዬን ከጠመኔው ወዲህ አድርጌ ተቀምጬ ለአዳዳ እነግራታለሁ። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ነው የምትሰማው። ሙቀቱ ስለማይቻል ፋኑ ሙሉውን ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከር ደግሞ እንደ ወፍጮ ይጮሃል።

«ዛሬ የት ነበራችሁ?»

«መንታ የወለደችው ቤት።»

«ምን አቀረበች?»

«ብስኩት።»

«ብስኩት ብቻ? እኔ ስሄድ በስኳር የራሰ ሙሸበክ ነበር ያመጣችው። ስለዚህ ቅር ብሏታል። ቀጥይ።»

የሾፌሩን የሥጋ ነገር ስነግራት እየሳቀች ትንፋሽ አጠራት፤ አፏ ውስጥ የምትነፋትን መድኃኒት ከትራሷ ሥር አውጥታ ሁለቴ ነፋች። «አቦ፣ ልትገድይኝ ነው» አለች፤ እየሳቀች። አራት ወር ሙሉ ከዚያ ክፍል የወጣችው ለሽንትና ለውዱ ብቻ ነው። የእሷ ሰርግ ነበር፤ እሷ ያሳደገቻት ልጅ ሰርግ። ከሰርጉ የደረሳት እኔ የማመጣላት ወሬ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ሦስተኛው ቤት፣ ሻይ ቀረበልኝ። ዝንጅብል እንዳለበት በዓይኔ አየሁ፤ ቁርጥራጩ ብርጭቆው ሥር ተቀምጧል። ጠጣሁት፤ ሙቅ ውሃ ነው። እንደገና ጠጣሁ። ስኳሩም የለም። እጄን ለመታጠብ ብዬ ወጥቼ ሳሙናውን አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋሁ። ምንም። ድንጋይ እንደማሽተት ነው።

ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ሬዲዮው ጠዋት ጠዋት ከዜና በፊት ይናገረው ነበር፤ ባለማወቅ ነው ማለት አልችልም። ትኩሳት የለኝም፣ አላሳለኝም። ተመልሼ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ሻዩን ጨረስኩ። ሴትዮዋ «ዝንጅብሉ በዛብሽ እንዴ?» ስትለኝ «ደህና ነው» አልኩ። የቀሩትን ቤቶች ደብተሬ ላይ ቆጠርኳቸው። አሥራ አምስት ነበሩ፤ የዋሂሎቹ ከነሱ ጋር።

ለማንም አልተናገርኩም።

ያን ዕለት ከሰዓት ዱካዬን ከመስመሩ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳብኩት። ያደረግኩት ጥንቃቄ ይህ ነው፤ አንድ ስንዝር።

«ምነው ራቅሽ?» አለች አዳዳ። «ፋኑ እንደሚጮህ እያወቅሽ። ቀረብ በይ።»

ዱካዬን መለስኩት። «አሁንም አልሰማሽም» አለች። ጎንበስ አልኩ፤ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ፊቴን ከመስመሩ አሳልፌ ነገርኳት። በማግሥቱም እንዲሁ። ፋኑ ወደ እኔ ሲዞር ፀጉሬን ያነሳዋል፣ ከዚያ ወደ እሷ ይዞራል።

በስድስተኛው ቀን ዋሂል ሄድን። ሚኒባሱ በግማሽ ነው የሚጭነው ተብሎ ታሪፉ እጥፍ ሆኗል፤ ከከተማው ከወጣን በኋላ ግን ረዳቱ በየመንገዱ እያነሳ ሞላው። የቤተሰብ ሽርሽር ይመስል እናቴ ብርቱካን ልጣ እየሰጠችኝ ነበር። በላሁት፤ ውሃነቱ ብቻ ነው የተሰማኝ። ሰዓቱ እንዳያልቅ እመኝ ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ዋሂል ውስጥ የመጨረሻዋ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ነበረች። ከልጆቿና ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። በጭስ በታጠነ ዕቃ የተቀመጠ የግመል ወተት አመጣችልን። ያ ወተት በር ላይ ሆኖ ይሸታል፤ ልጅ ሆኜ ከሽታው ሸሽቼ ከቤት እወጣ ነበር። አሁን እስከ ግማሽ ጠጣሁት። እናቴ ገርሟት አየችኝና «አደገች» አለች ለጓደኛዋ።

ሽማግሌው ከጥግ ጠሩኝ። ሁለቱን እጆቼን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ፤ ቀጣዩ ሰርግ ያንቺ ይሁን፣ ቤትሽ ይሙላ፣ እያሉ፣ በየመሃሉ እንትፍ እንትፍ እያሉብኝ። ምርቃት ሲሆን እጅ አይነጠቅም። አሜን እያልኩ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። ትንፋሼ እጃቸው ላይ ያርፍ ነበር።

ከተመለስን በሦስተኛው ቀን አዳዳን አተኮሳት።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር፤ ረጅም አድርጌ ማስታወስ አልችልም። አምቡላንስ መጣ። ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች ገቡ። ጎረቤት ከየአጥሩ ላይ ያያል። አዳዳ ሻሿን ራሷ አሰረች፣ ጫማዋን ጠየቀች፣ በእግሯ ወጣች። እኛም ተመረመርን። አባቴና እህቴ ነፃ ናቸው ተባለ። እናቴና እኔ ተገኘብን። ቤት ውስጥ ተለይተን እንድንቆይ ተፈቀደልን፤ ለብቻው የሆነ ክፍል የአዳዳ ብቻ ስለነበር እሱ ውስጥ ገባን። እናቴ አልጋው ላይ፣ እኔ መሬት ፍራሽ ላይ። አባቴ ምግባችንን ደፉ ላይ አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ፣ ይሄዳል።

ኒካሁ ይተላለፍ ተብሎ ነበር። አዳዳ ከተኛችበት ደወለች። በየሁለት ቃሉ ታርፋለች። «ቀኑን እንዳትነኩት» አለች። «እኔ እንደሆነ ያው... ከዚህም ከዚያም... አልመጣም ነበር።» በቀኑ አባቴ ኮቱን ለበሰ። እህቴ በመስኮቱ በኩል መጥታ መዳፏን መስታወቱ ላይ አደረገች፤ እናቴ ከውስጥ አደረገች። ሒናዋ ገና አልደረቀም ነበርና መስታወቱ ላይ ቀረ። ከዚያ በባጃጅ ሄደች። ሻንጣዋ ከኋላ ታስሯል። እናቴ ባጃጁ እስኪታጠፍ ድረስ ቆማ አየች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ «መንገዱ ባዶ ነው፤ ቶሎ ይደርሳሉ» አለች።

አዳዳ ከኒካሁ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ስልኩ የተደወለው ለአባቴ ነው። በረንዳው ላይ «ኢና ሊላሂ» ሲል ሰማነው፤ በሩን ሳይከፍት ነገረን። ለቀብሯ እሱና ጥቂት ወንዶች ብቻ ከሩቅ ቆመው ተመለሱ። ማን እንዳጠባት አናውቅም።

አላለቀስኩም። እናቴም በዚያ ቀን አላለቀሰችም። በማግሥቱ ስልኩ መጮህ ጀመረ። መምጣት ስላልተቻለ ሰው ሁሉ በስልክ ነበር የሚያጽናናው፤ ያቺ በስልክ አይሆንም ያለችው እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችም። ለእያንዳንዱ የምትለው አንድ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኳት። አትሂጂ ተብዬ፣ አልሰማም ብዬ፣ ቤት ለቤት ዞሬ አምጥቼባት ነው። እኔ ነኝ።»

«አላህ የጻፈው ነው» ይሏታል።

«ጽፎ በእኔ እጅ ነው የላከው።»

ከእሷ ሁለት ክንድ ርቄ ፍራሹ ላይ ተጋድሜ ይህን ሰማሁ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ የምትለው መስሎኝ ነበር። አሥራ አራት ጊዜ ድረስ ቆጠርኩ። ግጥም ለመጻፍ ደብተሩን አነሳሁ፤ ስለ አዳዳ አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ጥሩ ቤት መታልኝ፣ አፈርኩበት፣ ሰረዝኩት።

በሦስተኛው ጠዋት፣ ቁርሱን ከደፉ አንስቼ ከመቀመጤ በፊት ነገርኳት።

«እማ፣ አንቺ አይደለሽም። እኔ በአራተኛው ቀን ሽታ ጠፍቶብኝ ነበር።»

ዳቦውን እየቆረሰች ነበር። «በስንተኛው?»

«በአራተኛው። ዝንጅብል ሻይ ያፈላችው ሴትዮ ቤት።»

«ያኔ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

የቆረሰችውን ዳቦ ትሪው ላይ መለሰችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለምን እንደደበቅኩ ትጠይቀኛለች ብዬም ጠበቅኩ። አልጠየቀችም።

«ደብተሩን አምጪ» አለች።

የቤቶቹን ዝርዝር አወጣሁ። ከሻይዋ ሴትዮ ቤት ጀምሮ ያሉትን በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ አሥራ ስድስት። ስልኩን አነሳች። «ለእነዚህ ሁሉ ሊነገራቸው ይገባል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም ቢሆን» አለች፤ ሌላ ነገር ከአፏ አልወጣም።

በስልክም ቢሆን አሠራሩ አልተለወጠም። መጀመሪያ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ጉልበቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል። ጉዳዩ የሚነገረው ደህና ሁኚ ሊባል ሲል ነው። ካርድ በየሁለት ቤቱ ያልቃል፤ አባቴ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ በበሩ ሥር አዲስ ካርድ ያስገባል። ከዚያ ጠዋት በኋላ «እኔ ነኝ» ማለቷን ተወች። «ከቤታችን ነው የወጣው» ነበር የምትለው። «እኛ ነን ይዘን የገባነው። የታመመ አለ?»

አንዷ ዝም ብላ ዘጋችባት። ሽንኩርት ነጋዴው «እኛ ሁላችንም ወድቀን ተነሳን፤ እናንተን ያስያዝናችሁ እኛ መስሎን ስንፈራ ነበር» አለ። ሻይ ያፈላችው ሴትዮ ደግሞ «እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ባሌ ያስለው ነበር፣ ልናገር ብዬ አፈርኩ» አለች። እንግዲህ ከየት እንደመጣ፣ ወደ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። ከየትም ይምጣ፣ ፊቴን ከመስመሩ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።

የመጨረሻዋ የዋሂሏ ነበረች። ኔትወርክ እንቢ እያለ ሁለት ቀን አስቸገረን። በሦስተኛው ቀን ሲጠራ እናቴ ስልኩን ዘረጋችልኝ።

«ይቺን አንቺ ንገሪያት።»

«ለምን እኔ?»

«አባቷ የመረቁት አንቺን ነው።»

ኦሮምኛዬ ደህና ነው፣ ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ተጠቅሜበት አላውቅም። ደህና ናችሁ አልኳት። ፍየሎቹን ጠየቅኩ፣ ዝናቡን ጠየቅኩ። እሷም የአዳዳን ሞት ሰምታ ነበርና አጽናናችኝ። አባቷን ጠየቅኩ። ውጭ ጥላ ሥር ናቸው፣ ትንሽ ያስላቸዋል፣ ግን ከድሮም ያስላቸዋል አለች። እዚህ ላይ ደህና ሁኚ ልትለኝ ነበር። ነገርኳት። እዚያ ቤት ስንገባ በሽታው እንደነበረብኝ፣ ወተቱን ስጠጣ እንዳልሸተተኝ ነገርኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ሴኮንዱ ይቆጥራል።

«እጃቸውን ስትይዢ ታውቂ ነበር?» አለች።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እናቴ አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። ስለ ሰርጉ ነው ልላት እችል ነበር። እናቴን ብቻዋን ላለመላክ ነው ልላት እችል ነበር፤ ታምነኝ ነበር፣ እናቴም ትሰማኝ ነበር።

«ከቤት መውጣት ፈልጌ ነው» አልኳት።

ስልኩን አልዘጋችውም። መሬት ላይ ወይም ሳጥን ላይ ስታስቀምጠው ሰማሁ፣ ከዚያ እግሯ ሲርቅ፣ ከዚያ ከሩቅ አባቷን፣ ከልጆቹ ተነጥለው ለብቻቸው እንዲቀመጡ ስትነግራቸው። ሽማግሌው ለምን እንደሆነ ጠየቁ። የመለሰችላቸውን አልሰማሁም።